የባለሙያ ምላሽ፦ የቡና ገለባ፣ የሄላ ሴል እና ያ 128 በመቶ

ጥያቄው፦ «ጅማ ነኝ፤ የማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። የቡና ገለባ በ80 በመቶ ሜታኖል አውጥቼ በሄላ ሴሎች (ላብራቶሪ ውስጥ በሚባዙ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ሴሎች) ላይ ኤምቲቲ በሚባለው የቀለም ሙከራ ሞከርኩት። ከ48 ሰዓት በኋላ የሴሎቹ ሕያውነት በ25 ማይክሮግራም በሚሊሊትር 92 በመቶ፣ በ50 ላይ 74፣ በ100 ላይ 58 ሆነ። በ200 ላይ ግን ወደ 71 ተመለሰ፤ በ400 ላይ ጭራሽ 128 በመቶ መጣ። ሁለቱን የላይኛ ነጥቦች ሳወጣቸው ሶፍትዌሩ አይሲ50 (ሕያውነቱን በግማሽ የሚያወርደው መጠን) 130 ነው ይለኛል። በሁለተኛው ዙር ሚዲየም (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) አልቆብን ከሌላ ላብ ተዋስኩ፤ 210 መጣ። በየዙሩ የሠራሁት ሦስት ሦስት ዌል (የፕሌቱ ትንንሽ ጉድጓድ) ነው። ከፍተኛው መጠን ላይ ዲኤምኤስኦው (ኤክስትራክቱን ያሟሟሁበት ፈሳሽ) 1 በመቶ ይደርሳል። በኤችፒኤልሲ (ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ) ካፌይን አግኝቻለሁ፤ የኤክስትራክቱን 3 በመቶ ያህል ነው። አማካሪዬ ‹ጊዜ የለም፤ ነጥቦቹን አውጪና ጻፊው› ብለውኛል። ልጻፈው? ሴሎቹን የገደለው ካፌይን ነው ብልስ ያስኬዳል?»

አትጻፊው። ነጥቦቹንም አታውጪ። ከአምስቱ ቁጥሮችሽ ውስጥ ብዙ የሚነግርሽ ያ ልትጥዪው ያሰብሽው 128 ነው። ሙከራው የቱ ጋ እንደተበላሸ የሚያሳይሽ እሱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኤምቲቲ ምን እንደሚለካ እናጥራ። ኤምቲቲ ሴል አይቆጥርም። ሞስማን የተባለ ተመራማሪ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1983 ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ኤምቲቲ የሚባለው ቢጫ ጨው ሕያው ሴል ውስጥ ይገባና ከሴሉ ኤሌክትሮን ይቀበላል። ሲቀበል ፎርማዛን የሚባል ሐምራዊ፣ በውሃ የማይሟሟ ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሉን በዲኤምኤስኦ አሟሙተን በ570 ናኖሜትር እናነባለን። ሐምራዊው በጠነከረ ቁጥር ሕያው ሴል በዝቷል ብለን እንገምታለን። ልብ በይ፣ ግምት ነው። ጣሪያ ላይ ጭስ አይቶ ቤት ውስጥ ሰው አለ እንደማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ጭሱ ከሌላ ነገር የመጣ ቀን ግን ያሳስታል።

አንቺ ዘንድ የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ኤምቲቲ ኤሌክትሮኑን ማን እንደሰጠው አይለይም። የቡና ገለባ ደግሞ ኤሌክትሮን ለመስጠት የተዘጋጁ ነገሮች የሞሉበት ነው። ክሎሮጀኒክ አሲድ አለ፣ ታኒን አለ፣ ሌሎች ፖሊፊኖሎችም አሉ። 80 በመቶ ሜታኖል እነዚህን ጠራርጎ ያወጣቸዋል። ምናልባት ፕሮፖዛልሽ ላይ በፎሊን ሲዮካልቶ ዘዴ ጠቅላላ ፊኖል እለካለሁ ብለሽ ይሆናል። በ765 ናኖሜትር የምናነበው ያ ሰማያዊ ቀለም የሚመጣው ከዚሁ ኤሌክትሮን የመስጠት ባሕርይ ነው። ስለዚህ በአንዱ ሙከራ «ጠንካራ አንቲኦክሲዳንት» ያልሽው ኤክስትራክት በሌላው ሙከራ 128 በመቶ ሆኖ ቢመጣ ሁለቱም አንድ ነገር እየነገሩሽ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሴል የሌለበት ፕሌት አዘጋጂ። ሚዲየምሽን ከአምስቱ መጠኖች ጋር አድርጊ። አንድ ረድፍ ሚዲየም ብቻ፣ አንድ ረድፍ ሚዲየምና ዲኤምኤስኦ ይሁን። ኤምቲቲውን የመጨረሻ መጠኑ 0.5 ሚሊግራም በሚሊሊትር እንዲሆን ጨምሪና በ37 ዲግሪ 3 ወይም 4 ሰዓት አቆዪው። ከዚያ ፕሌቱን አውጥተሽ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪው። ሪደር (ቀለሙን የሚለካው መሣሪያ) ውስጥ ሳይገባ መልሱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሚዲየም ብቻ ያለበት ረድፍ ቢጫ እንደሆነ ይቆያል። ከ25 ወደ 400 ስትሄጂ ቀለሙ እየጠቆረ ወደ ሐምራዊ ከሄደ ነገሩ አለቀ። እዚያ ፕሌት ላይ አንድም ሴል የለም።

አንዳንዶች የዚህን ፕሌት ንባብ ከሴሉ ፕሌት ላይ ቀንሰው «አስተካከልኩ» ይላሉ። እኔ አልመክርሽም። ሴሎች በ48 ሰዓት ውስጥ ከኤክስትራክቱ የተወሰነውን ይወስዳሉ፣ ይለውጡታልም። ሴል በሌለበት የለካሽው ሴል ባለበት ካለው ጋር አይገጥምም። ኤምቲቲ ከመጨመር በፊት ኤክስትራክቱን ማስወገድና ለብ ባለ ፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውሃ) ሁለቴ ማጠብ ይሻላል። እሱም ቢሆን ችግር አለው። ሊሞቱ የተቃረቡ ሴሎች ከፕሌቱ ስለሚላቀቁ አብረው ይታጠባሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የ400ን ዌል ኤምቲቲ ሳትጨምሪበት በማይክሮስኮፕ አይተሽው ነበር? ጤነኛ ሄላ ጠፍጣፋ ነው፤ ጫፉን ዘርግቶ ከጎረቤቱ ጋር ተያይዞ ነው የሚታየው። ሲሞት ይሰበሰብና ክብ ይሆናል፣ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ተላቆ ይንሳፈፋል። ከኤምቲቲ በኋላ ደግሞ ክሪስታሉ የት እንዳረፈ ተመልከቺ። ሴል የሠራው ፎርማዛን ሴሉ ላይና ዙሪያው መርፌ መርፌ ሆኖ ይከማቻል። ኤክስትራክቱ የሠራው ሴል በሌለበት ባዶ ቦታም ተበትኖ ይገኛል። የ400 ዌልሽ ውስጥ ሴሎቹ በሙሉ ሞተው ፕሌቱ ግን ጥቁር ሐምራዊ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ለአንቺ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ኤክስትራክትሽ ካሰብሽው በላይ ሴል እየገደለ፣ ቀለሙ ሸፍኖት ይሆናል። በተመሳሳይ ምክንያት 58ቱም፣ 74ቱም አይታመኑም። ሞቱና የውሸት ቀለሙ በየመጠኑ ተደባልቀዋል፤ በስንት በስንት እንደተደባለቁ ደግሞ ከዚህ ፕሌት ማወቅ አይቻልም።

ወደ ስሌቱ እንምጣ። አይሲ50 አላገኘሽም። አይሲ50 ሕያውነቱ በግማሽ የሚወርድበት መጠን ነው። ከቁጥሮችሽ ውስጥ 50 የደረሰ የለም፤ ትንሹ 58 ነው። ሁለቱን ነጥቦች ስታወጪ ሶፍትዌሩ መስመሩን ከ100 በላይ ስቦ 130 ሰጠሽ። ከ100 በላይ የለካሽውን ጥለሽ ከ100 በላይ ስላለው ነገር ቁጥር ልትጽፊ ነው ማለት ነው። የትኛውም ጠንቃቃ ገምጋሚ ይህን አያሳልፍሽም፤ አሳለፈሽም አላሳለፈሽም ግን ነገሩ ልክ አይደለም።

ሦስት ዌልም ሦስት ሙከራ አይደለም። ከአንድ ፍላስክ የወጡ፣ በአንድ ቀን የተዘሩ፣ ከአንድ ቱቦ መድኃኒት የተጨመረላቸው ሦስት ዌሎች የሚነግሩሽ የፒፔት አያያዝሽን ብቻ ነው። ሙከራው ሦስት ነው የሚባለው በሦስት የተለያየ ቀን፣ በተለያየ ፓሴጅ (ሴሎቹ ወደ አዲስ ፍላስክ በተዛወሩበት ዙር)፣ እንደ አዲስ በተቀጠነ ኤክስትራክት ሲሠራ ነው። ባለ 96 ዌል ፕሌት ዳር ዳሩ ላይ ያሉት 36 ዌሎች ደግሞ በትነት ስለሚደርቁ ፒቢኤስ ሙዪባቸውና በመሃሎቹ 60 ተጠቀሚ።

የተዋስሽው ሚዲየም ነገር ግን በጣም ስቦኛል። ከ130 ወደ 210 የዘለልሽበትን ምክንያት እዚያ ውስጥ እጠረጥራለሁ። ዲኤምኢኤም የሚባለው ሚዲየም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ 1 ሚሊሞላር ያህል ሶዲየም ፓይሩቬት አለበት፤ አንዳንዱ የለበትም። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ሁለቱንም ጠርሙሶች ፈልገሽ አንብቢ።

ለምን ያስጨንቃል? ፖሊፊኖሎች ሚዲየም ውስጥ ሲገቡ ዝም ብለው አይቀመጡም። ከተሟሟው ኦክሲጅን ጋር በራሳቸው ተዋህደው ሴል የሚጎዳ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። ተመራማሪው ባሪ ሃሊዌልና ባልደረቦቹ በሴል ማሳደጊያ ሚዲየም ላይ ይህን አሳይተዋል፤ የተፈላ ቡና ውስጥም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገኛል። እንግዲህ ሴሎችሽን የገደላቸው ገለባው ውስጥ ያለ ልዩ ንጥረ ነገር ላይሆን ይችላል። ዌሉ ውስጥ በ48 ሰዓት የተመረተ ፐርኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ፓይሩቬት ደግሞ ፐርኦክሳይዱን ያጠፋዋል። ፓይሩቬት ባለበት ሚዲየም ሴሉ ይተርፋል፣ አይሲ50ው ከፍ ይላል። በሰው አካል ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ፐርኦክሳይድን በሚሰብረው ኢንዛይም በካታሌዝ የተሞሉ ስለሆኑ እንዲህ ያለው ፐርኦክሳይድ እንደ ፕሌቱ ተከማችቶ አይቆይም። ስለዚህ የፕሌት ክስተት እንጂ የመድኃኒት ተስፋ አይሆንም።

ፍተሻው ርካሽ ነው። ግማሹን ፕሌት እንዳለ ሥሪ። ሌላው ግማሽ ላይ ካታሌዝ በ100 ዩኒት በሚሊሊትር ጨምሪ። ካታሌዝ ባለበት ወገን ሞቱ ከቆመ ገዳዩን አገኘሽው። ካልቆመ ገለባው ውስጥ ሊፈለግ የሚገባው ነገር አለ፤ ያኔ እኔም ከአንቺ ጋር ደስ ይለኛል።

ጅማ ላይ ለምንሠራ ደግሞ የኪት መመሪያ የማይነግረን ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 81 ወይም 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኢንኩቤተሩ በትክክል 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢሰጥሽ እንኳ ሚዲየሙ የሚያገኘው በባሕር ጠለል ላይ 4.1 በመቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ፒኤቹ በ0.09 ገደማ ከፍ ይላል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በሊትር 3.7 ግራም ባይካርቦኔት ያለው ዲኤምኢኤም መጀመሪያውኑ ለ10 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀመረ ነው። በ5 በመቶ ስናስቀምጠው ቀድሞውንም ወደ አልካላይን ያዘነብላል፤ ከፍታው ይጨምርበታል። ፖሊፊኖል ደግሞ በአልካላይን ውስጥ ቶሎ ነው የሚኦክሰደው። መብራት ሲጠፋና የኢንኩቤተሩ በር ሲከፈት ሲዘጋ ነገሩ ይባባሳል። ጠዋት ገብተሽ ሚዲየሙ ከብርቱካናማ ቀይ ወደ ደማቅ ሮዝ ሄዶ ካገኘሽው የዚያ ቀን ፕሌት ላይ አትድከሚ።

ኢንኩቤተሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ብቻ አትመኚ። አንዳንዱ መሣሪያ ለከፍታ ተስተካክሏል፤ አንዳንዱ አልተስተካከለም። ሴል የሌለበት ሚዲየም በፍላስክ አድርገሽ ክዳኑን አላልተሽ አሳድሪው። ጠዋት አውጥተሽ ወዲያው ፒኤቹን ለኪ። ከ7.2 እስከ 7.4 እስኪሆን ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስተካክዪ። በነገራችን ላይ ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት አውቶክሌቡም ያው ነው። በጌጁ 15 ፒኤስአይ ማለት ባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ግን 118 አካባቢ ይቀራል። በሙቀቱ ሂጂ እንጂ በጌጁ አትሂጂ።

ዲኤምኤስኦውም ከፍታችንን ያውቃል። የሚረጋው በ18.5 ዲግሪ ነው። የጅማ ሌሊት ከዚያ በታች ስለሚወርድ መደርደሪያ ላይ ያደረ ስቶክ (ገና ያልተቀጠነ መፍትሔ) ጠዋት ግማሹ ረግቶ፣ ግማሹ ፈሳሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከፈሳሹ ክፍል ብቻ ከቀዳሽ ያሰብሽው መጠን እጅሽ ላይ የለም። በ37 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ አቅልጪው፣ በደንብ አማስዪው፣ ከዚያ ቅጂ። ሚዲየም ውስጥ ከገባ በኋላም ዝቃጭ አለመኖሩን በማይክሮስኮፕ እዪ።

አንድ በመቶውም ብዙ ነው። ደግሞ ከ400 ወደ 25 በሚዲየም እያቀጠንሽ ወርደሽ ከሆነ ዲኤምኤስኦውም አብሮ ከ1 በመቶ ወደ 0.06 ወርዷል። እንዲያ ከሆነ አንድ ኮንትሮል ለአምስቱም አይሆንም። 100 ሚሊግራም በሚሊሊትር ስቶክ ሥሪ። መቀነሱን በዲኤምኤስኦ ውስጥ ጨርሺ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በሚዲየም 250 ጊዜ አቅጥኚ። ከላይ 400 ማይክሮግራም ታገኛለሽ፤ ዲኤምኤስኦው በሁሉም ዌል 0.4 በመቶ ሆኖ ይቆያል። ኤክስትራክቱ በዚህ መጠን አልሟሟም ካለሽ የላይኛውን መጠን ቀንሺ እንጂ ዲኤምኤስኦውን አትጨምሪ።

ካፌይን ገዳዩ አይደለም። ይህን ያለ ምንም ሙከራ፣ በወረቀት ብቻ ማወቅ ትችያለሽ። 100 ማይክሮግራም ኤክስትራክት ውስጥ 3 በመቶ ማለት 3 ማይክሮግራም ካፌይን ነው። የሞለኪውል ክብደቱ 194 ስለሆነ 15 ማይክሮሞላር ይመጣል። ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ደም ውስጥም ከዚህ የማይርቅ ካፌይን ይዞራል። በሴል ባዮሎጂ ሙከራ ካፌይን የሴል ዑደት ላይ ግልጽ ሥራ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ በሚሊሞላር ነው፤ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ማለት ነው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ንጹሕ ካፌይን በ15 ማይክሮሞላር አንድ ረድፍ ላይ ጨምሪ። ሴሉ ምንም እንደማይሆን ታያለሽ።

«በኤችፒኤልሲ አገኘሁ» ለሚለውም ማስረጃ ይጠበቅብሻል። ፒኩ (ግራፉ ላይ የሚነሳው ጉብታ) ከስታንዳርዱ (ከንጹሕ ካፌይን) ጋር በተመሳሳይ ደቂቃ መውጣቱ ጥርጣሬ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የፒኩ የዩቪ ስፔክትረም 273 ናኖሜትር አካባቢ ከፍ ይላል ወይ? ናሙናው ላይ ስታንዳርድ ስትጨምሪ ያው ፒክ ብቻውን፣ ሳይሰነጠቅ ያድጋል ወይ? ክሎሮጀኒክ አሲድን በ325 ናኖሜትር አካባቢ ፈልጊው፤ ለዚህ ታሪክ ከካፌይን ይልቅ እሱ ነው የሚጠቅምሽ። የመለኪያ መስመርሽንም በናሙናሽ ዙሪያ ባሉ መጠኖች ሥሪው፤ ከመስመሩ ውጭ የወደቀን ፒክ አትለኪበት።

ገለባው ራሱ ከየት መጣ? ይህንንም አልነገርሽኝም። ከመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣ እንደ 74110 ያለ የታወቀ ዝርያ ነው ወይስ ከቡና ማበጠሪያ በጆንያ የመጣ ድብልቅ? ጀንፈሉ የደረቀው አልጋ ላይ ነው ወይስ መሬት ላይ? መሬት ላይ እርጥበት ይዞ የቆየ ቡና ሻጋታ ያበቅላል። አንዳንዱ ሻጋታ ኦክራቶክሲን ኤ ያመነጫል፤ እሱ ራሱ ሴል ይመርዛል፣ ገለባው ላይም ይከማቻል። የፀረ ተባይ ቅሪትም ሊኖር ይችላል። «ገለባው ገደለ» ከማለትሽ በፊት ገለባው ላይ የተቀመጠውን ማወቅ አለብሽ። ኦክራቶክሲንን በኤችፒኤልሲ በፍሎረሰንስ ዲቴክተር ማየት ይቻላል። አጠገብሽ ከሌለ ናሙናውን ወደሚገኝበት ላኪ። ቢያንስ ንጹሕ ሆኖ አልጋ ላይ የደረቀ ሁለተኛ ናሙና አጠገቡ ሥሪ።

ሴሎቹንም መጠርጠር ያስፈልጋል። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ጥቃቅን ባክቴሪያ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም፤ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያም ሊያልፍ ይችላል። ሚዲየሙን አያደፈርስም፤ የሴሉን ሜታቦሊዝም ግን ይለውጣል፣ ኤምቲቲንም ያዛባል። በፒሲአር ወይም በሆክስት ቀለም አስፈትሺ። ንጹሕ ካልሆነ ሌላ ነገር ሁሉ ይቁም። ሄላ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሴል ስለሆነ የመጣበትንም ምንጭ በጽሑፍ ያዢ። እግረ መንገድሽንም እነዚህ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1951 ሄንሪታ ላክስ ከምትባል ሴት፣ ሳትጠየቅና ሳትፈቅድ የተወሰዱ መሆናቸውን በዘዴው ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሺ። ስሟ ይገባታል።

እንግዲህ ምን ልሥራ ካልሽ ምክሬ ይህ ነው። ኤምቲቲን ለዚህ ኤክስትራክት ዋና መለኪያ አድርገሽ መጠቀም አቁሚ። ወደ ኤስአርቢ (ሰልፎሮዳሚን ቢ የሚባል ቀለም) ዙሪ። ስኬሃንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡት ዘዴ ነው። ሴሎቹን በቀዝቃዛ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ታጣብቂያለሽ፣ በውሃ ታጥቢያለሽ፣ ታደርቂያለሽ። በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ በተሟሟ 0.4 በመቶ ኤስአርቢ ትቀቢያለሽ። ያልተያዘውን ቀለም በ1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ታስወግጃለሽ። በመጨረሻ በትሪስ አሟሙተሽ ታነቢያለሽ። ቀለሙ የሚይዘው የሴሉን ፕሮቲን ነው። ኤሌክትሮን ማንም ለማንም አይሰጥም፤ ስለዚህ ፖሊፊኖልሽ ያንን የውሸት ሐምራዊ እዚህ ሊሠራልሽ አይችልም። ለእኛ ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅም አለው። የተጣበቀውና የደረቀው ፕሌት ቶሎ አይበላሽም። መብራት ቢጠፋ፣ ሪደሩ በሌላ ሰው ቢያዝ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ትቀጥያለሽ። ኤምቲቲ ያን ዕድል አይሰጥሽም።

ኤስአርቢም ሁሉን አያውቅም። ሞቶ ፕሌቱ ላይ ተጣብቆ የቀረን ሴልም እንደ ሕያው ይቆጥራል። ታኒን የበዛበት ኤክስትራክት ፕሮቲን አጣብቆ ዌሉ ላይ ሊያስቀር ስለሚችል ሴል የሌለበት ብላንክ እዚህም ግዴታ ነው። አጠገቡ በሁለት ሦስት መጠኖች የሞተን ሴል ሰማያዊ በሚያደርገው ትሪፓን ብሉ ቁጠሪ። አድካሚ ነው፤ ግን ሰማያዊ የሆነውንና ያልሆነውን በዓይንሽ ታዪያለሽ፣ የተንሳፈፉትንም ሰብስበሽ ትቆጥሪያለሽ። ኤስአርቢና ትሪፓን ብሉ ከተስማሙ ውጤቱን ተማመኚበት።

ማነጻጸሪያ መድኃኒትም አስገቢ። ሲስፕላቲን ከሆነ በ0.9 በመቶ ሳላይን አሟሚው እንጂ በዲኤምኤስኦ ፈጽሞ አታድርጊው። ዲኤምኤስኦ ከፕላቲነሙ ጋር ተጣብቆ ኃይሉን ያዳክመዋል። ካንሰር ያልሆነ ሴልም ያስፈልግሻል። ቬሮ ከተገኘ የጦጣ ኩላሊት ሴል መሆኑን ጽፈሽ ተጠቀሚበት። ሄላንም ቬሮንም እኩል የሚገድል ነገር መርዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገዳይነቱ ከቀጠለ ኤክስትራክቱን ታኒን በሚይዘው ፒቪፒፒ ላይ አሳልፈሽ ታኒኑን አስወግጂና እንደገና ሞክሪ። ሥራው ከጠፋ ታኒን ነበር። ካልጠፋ በኤቲል አሴቴት ከፋፍለሽ የትኛው ክፍልፋይ እንደሚገድል ተከታተዪ። ይህኛው ግን የማስተርስ ጊዜሽን ሊሻገር ይችላል፤ ለሚቀጥለው ሰው ማውረስም ሥራ ነው።

ስለ ጊዜ ያልሽው ይገባኛል። አማካሪሽም ጊዜሽን አስበው እንጂ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ግን ቁጥሮቹን ቆርጠሽ «የቡና ገለባ የማህፀን ጫፍ ካንሰር ሴል ይገድላል» ብለሽ ብትጽፊ ዓረፍተ ነገሩ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አይቀርም። ነገ ሂርማታ ገበያ ላይ ገለባ በላስቲክ ተቋጥሮ ሊሸጥ ይችላል። ምርመራ ቀጠሮዋን ትታ እሱን የምታፈላ እናት ትኖራለች። ይህን በጣም ነው የምፈራው፤ አንቺም እንድትፈሪው እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ሴል የሌለበትን ፕሌት ሥሪና ወረቀት ላይ አድርገሽ ይዘሽ አማካሪሽ ቢሮ ግቢ። ቀለሙን ሲያዩት ብዙ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ካታሌዙንና ኤስአርቢውን በሦስት የተለያየ ቀን ለመሥራት ወር ያህል ጠይቂ። ርዕሱን «ፀረ ካንሰር» ከሚለው አውጥተሽ «የቡና ገለባ ኤክስትራክት በሄላ ሴሎች ላይ ያለው መርዛማነት እና በኤምቲቲ መለኪያ ላይ የሚፈጥረው መዛባት» አድርጊው። በውጤት ክፍሉ ውስጥ አምስቱንም የመጀመሪያ ነጥቦች፣ 128ቱን ጨምሮ፣ ሴል ከሌለበት ፕሌት ንባብ ጎን በአንድ ግራፍ ላይ አስቀምጪ። ወሩ ካልተፈቀደልሽ የኬሚስትሪውን ክፍልና የኤምቲቲውን መዛባት ብቻ ጽፈሽ አስረክቢ፤ አይሲ50 የሚል ቁጥር ግን አይኑርበት።